ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል
(በአንድ የሕግ ምክር ቤት የተለማማጅ ሠራተኛ ውሎና አስተያየት)

ከአንድ የቀድሞ ተማሪ



ከዚህ ትምህርት ቤት ዐሥረኛ ክፍልን ፈጽሜ ከወላጆቼ ጋራ ወደ አሜሪካ ከተሻገርኩ እነሆ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የቀድሞው የአማርኛ አስተማሪዬ «ለዘንድሮው መጽሔት ካየኸው ነገር አንዱን ጻፍልን» ብለው በላኩብኝ ጊዜ፥ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ በረዶውና ስለ ረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ሥዕላቸውንም በየስልካችሁ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ያንን ለሌሎች ትቼ፥ በ2017 ዓ.ም. በአንድ የሕግ ምክር ቤት በተለማማጅነት ስሠራ እንዴት እንደምውልና ከዚያም ውሎ የተማርኩትን አንድ ነገር፥ ጥፋቴንም ጭምር፥ ልነግራችሁ ወደድኩ። የሐሳቤም ማሰሪያ ይህ ነው፦ ሕግ የሚወጣበት ቤት ትልቁ ሥራው መስማት ነው፤ ለመስማት ግን ተናጋሪው በጊዜው መናገር፥ ሰሚውም በጊዜው ጆሮውን መስጠት አለበት።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ አገር፥ በዋና ከተማው ካለው የፌዴራል ምክር ቤት ሌላ፥ ሃምሳው ግዛት እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። እኔ የምኖርበት የዋሽንግተን ግዛት ከዋና ከተማይቱ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋራ በስም እንጂ በቦታ አይገናኝም፤ በስተ ምዕራብ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ያለ ነው። ምክር ቤቱም የሚገኘው ኦሊምፒያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ይህችም ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሕንጻው ተሠርቶ የተፈጸመው በ1928 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የጕልላቱ ከፍታ 87 ሜትር ያህል ነው። በሰሜኑ በር በኩል የሚወጣው ደረጃ 42 ነው፤ ይኸውም ግዛቲቱ በ1889 እ.ኤ.አ. ወደ ኅብረቱ ስትገባ 42ኛ እንደ ነበረች ለማስታወስ ነው። እኔም በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን እየቈጠርኩ ስወጣ፥ የአስተማሪዎቼን ስም አንድ በአንድ አስብ ነበር።

ቀድሞ በአገራችን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚባሉ ሁለት ክፍሎች እንደ ነበሩ ሁሉ፥ የዚያም ግዛት ምክር ቤት ሁለት ክፍል ነው። አገሩ በ49 የምርጫ ወረዳ ተከፍሎ፥ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሁለት እንደራሴ ይልካል። ስለዚህ ሴናተሮቹ 49፥ እንደራሴዎቹ 98 ናቸው። በአንድ ወረዳ የሚኖረው ሕዝብ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቈጠራ ወደ 157 ሺህ ይደርሳል። እንግዲህ አንድ እንደራሴ የዚህን ሁሉ ሰው ነገር በሁለት ጆሮ ብቻ ለመስማት እንደማይችል ግልጽ ነው። የተለማማጁ ሥራ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ጉባኤው ዓመቱን ሙሉ አይቀመጥም። በጥር ወር በሁለተኛው ሰኞ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ተከፍቶ፥ በአንዱ ዓመት 105 ቀን፥ በሚቀጥለው ዓመት 60 ቀን ብቻ ይቀመጣል። እኔ የሠራሁበት ጉባኤ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ሚያዝያ 19 ቀን ተዘጋ። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ከሺህ በላይ የሕግ ረቂቅ ይቀርባል። ረቂቁም በኮሚቴ ይመረመራል፤ ገንዘብ የሚነካ እንደ ሆነ ወደ በጀት ኮሚቴ ያልፋል፤ ከዚያም ለሙሉ ጉባኤ ቀርቦ ድምፅ ከተሰጠበት በኋላ፥ በሌላው ምክር ቤት ደግሞ ይኸው መንገድ እንደ ገና ይጀመራል፤ በመጨረሻም አገረ ገዢው ይፈርሙበታል። ለየደረጃው የተቈረጠ ቀን አለው። በቀኑ ያልደረሰ ረቂቅ ምንም ያህል መልካም ቢሆን ለዚያ ዓመት እንደ ሞተ ይቈጠራል። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ከገንዘብ ይልቅ የሚወደደው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ውሎዬ ልመለስ። በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮውን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ቡና ማፍላት ነው። ቡና ማፍላት ማለቴ እናቶቻችን ቆልተውና ወቅጠው በሦስት ዙር እንደሚያቀርቡት አይደለም፤ የመኪናውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን የገባውን ኢሜይል፥ በነጻው የስልክ መስመር የተላለፈውን መልእክትና በፖስታ የመጣውን ደብዳቤ አወጣለሁ። ጸሐፊው የወረዳችን ነዋሪ መሆን አለመሆኑን ከመረመርኩ በኋላ፥ የረቂቁን ቍጥር፥ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን በሠንጠረዥ እመዘግባለሁ። ይህን ስሠራ አንዳንድ ቀን በመቶ የሚቈጠር መልእክት በእጄ ያልፋል።

ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ኮሚቴዎቹ ይሰበሰባሉ። እኔም የዕለቱን ጽሑፍ በማኅደር አድርጌ እንደራሴይቱን እከተላለሁ። በኮሚቴ ፊት ማንም ሰው መጥቶ ሐሳቡን ለመናገር ይችላል፤ ከሩቅ ያለውም በመስኮተ ትዕይንት ይናገራል። የሚፈቀድለት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። ለመናገር የሚፈልግ ሰው ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ስሙን ማስመዝገብ አለበት። በጽሑፍ የሚያቀርብም ስብሰባው ከተጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስገባት አለበት። ከዚያ ወዲያ የመጣ ጽሑፍ በኮሚቴው መዝገብ አይገባም።

ከቀትር በኋላ ጎብኚ ይመጣል። ገበሬው፥ ነርሷ፥ አስተማሪው፥ ባለ ፋብሪካው፥ ቤት አከራዩና ቤት ተከራዩ በየተራቸው ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። እኔ ወንበር አቀርባለሁ፤ ያሉትን እጽፋለሁ። በአዳራሹ ውስጥ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆነ፥ እንደ እናንተ ያሉ ተማሪዎች ወረቀት ይዘው ሲመላለሱ ታያላችሁ። እነዚህ ለአንድ ሳምንት የምክር ቤቱ መልእክተኞች ሆነው የሚያገለግሉ ልጆች ናቸው፤ በየቀኑም ሁለት ሰዓት ያህል ስለ ሕግ አወጣጥ ይማራሉ። ወደ ማታ ለተጻፉልን ደብዳቤዎች መልስ አረቅቃለሁ። የተቈረጠው ቀን ሲቃረብ እስከ እኩለ ሌሊት የምንቈይበት ጊዜ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ ሁሉ መልካም ነው። አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

በዚያ ዓመት እጅግ ካከራከሩት ረቂቆች አንዱ የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚወስነው 1217 ቍጥሩ ነበር። አከራዮቹ «ግብሩና የጥገናው ወጪ እየጨመረ ኪራያችን ቢታገድ አዲስ ቤት የሚሠራ ይጠፋል» ብለው ይጽፋሉ። ተከራዮቹም «ደመወዛችን ባለበት ቆሞ ኪራዩ ከቤታችን እያስወጣን ነው» ብለው ይጽፋሉ። በዚህ መካከል አንድ ቀን በፖስታ የመጣ፥ በእጅ የተጻፈ ወፍራም ደብዳቤ አገኘሁ። ስከፍተው ጽሕፈቱ አማርኛ ነው! ቢሮው ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያነበው አልነበረምና ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መጀመሪያውን ገጽ ሳነበው፥ ስለ ጤናችን የሚጠይቅ፥ ለእንደራሴይቱም ለቤተ ሰባቸውም ምርቃት የሚያወርድ ነበር። አራት ገጽ ስለ ሆነ፥ «ይህ በጥሞና መተርጐም አለበት፤ ሥራው ረገብ ሲል እሠራዋለሁ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። በሠንጠረዡም ላይ እንኳ አልመዘገብኩትም።

ሥራው ግን ረገብ አይልም። በስድስተኛው ቀን፥ ዓርብ ማታ፥ ሁሉም ከሄደ በኋላ አወጣሁትና እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጸሐፊዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ስማቸውንና መኖሪያቸውን መግለጽ ተገቢ ስላይደለ አልናገርም። ሦስተኛው ገጽ ላይ የኪራያቸው ጭማሪ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ከጡረታቸው ላይ ኪራዩ ሲነሣ ለምግብ የሚተርፈው ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ሒሳቡን በመስመር በመስመር ጽፈውታል። አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ እንዲህ የሚል ቃል ነበር፦ «ረቡዕ ቀን ስለዚህ ነገር ሰው ይሰማል ብለውኛል። እኔም ብናገር እወዳለሁ። መንገዱን የሚያሳየኝ ሰው ብትሰጡኝ።»

ረቡዕ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። ሃያ አራቱም ሰዓት አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰኞ ጧት ደብዳቤውን ከነትርጕሙ ይዤ ወደ እንደራሴይቱ ገባሁና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። አልተቈጡኝም፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር። «የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ቍጥር ከሠንጠረዡ አገኘዋለሁ፤ የኚህን እናት ነገር ግን ካንተ በቀር የሚነግረኝ ሰው በዚህ ቤት ውስጥ አልነበረም» አሉኝ። ከዚያም ትርጕሙን በማኅደራቸው አኑረው፥ ወዲያው ስልክ እንድደውል አዘዙኝ።

ደወልኩ። «እማማ፥ ከምክር ቤቱ ነው የምደውለው» ስላቸው በአማርኛ በመናገሬ ተደንቀው ዝም አሉ። ቀጥለውም «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ከነገርኳቸው በኋላ ደብዳቤያቸው የዘገየው በእኔ ጥፋት መሆኑን ገልጬ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ደርሷል?» አሉኝ። «ደርሷል፤ እንደራሴይቱም አንብበውታል» አልኳቸው። «እንግዲያማ ምን ሆነ፥ ልጄ! እኔ የፈራሁት መንገድ ላይ ቀርቶ እንደ ሆነ ነው» አሉኝ። ረቂቁ ወደ ሌላው ምክር ቤት ሲያልፍ እንደ ገና እንደሚሰማና በዚያ ጊዜ ስማቸውን እንዴት እንደሚያስመዘግቡ አስረዳኋቸው።

ረቂቁ ከብዙ ክርክርና ማሻሻያ በኋላ በጉባኤው የመጨረሻ ቀን አልፎ፥ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. አገረ ገዢው ቦብ ፈርጉሰን ፈረሙበት። በሕጉም መሠረት የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ10 በመቶ፥ ወይም ከ7 በመቶና ከዋጋ ንረቱ ድምር፥ ከሁለቱ ካነሰው ሊበልጥ አይችልም፤ ሕንጻው አዲስ የሆነ እንደ ሆነ ግን እስከ 12 ዓመት ድረስ ይህ ወሰን አይነካውም። ይህ የሆነው በእማማ ደብዳቤ ነው አልልም፤ ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ። ብዙ ሺህ ሰው የጻፈበት፥ ብዙ ሰውም የለፋበት ነገር ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ የእሳቸው ድምፅ ከነዚያ ሺዎች መካከል አንዱ ለመሆን መብት ሲኖረው፥ በአንድ ወጣት ቸልተኝነት መሳቢያ ውስጥ ስድስት ቀን ታሰረ።

ከዚህ ነገር በመነሣት ሦስት አስተያየት አለኝ።

የመጀመሪያው፥ ትንሽ ሥራ የሚባል ነገር የለም። እኔ ወደዚያ ቤት ስገባ ትልቁ ሥራ በአዳራሹ መካከል ቆሞ መናገር፥ ትንሹ ሥራ ፖስታ መክፈት ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን የትልቁ ሰው ንግግር በሺህ ሰው ይሰማል፤ ቢሳሳት የሚያርመው ብዙ ነው። ፖስታ ከፋቹ ሲሳሳት ግን የሚያየው የለም። በአገራችንም መዝገብ ቤት ተቀምጦ «ነገ ተመለስ» የሚል ሠራተኛ፥ በሕግ የተሰጠውን መብት ሳያውቀው ይሽራል። ስለዚህ ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ በትንሽ ወንበር ስትቀመጡ፥ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ሳይሆን ሰው መሆኑን አትርሱ።

ሁለተኛው፥ እንዲህ ላለው ሥራ ደመወዝ ሊከፈልበት ይገባል። እኔ በነበርኩበት ምክር ቤት ለተለማማጅ ይከፈላል፤ ኮሌጁም ሥራውን እንደ ትምህርት ይቈጥረዋል። በሌላ ቦታ ግን ያለ ደመወዝ የሚያሠሩ ብዙ ናቸው። አባቴ ተሳፋሪ በመኪና እያመላለሰ የሚያስተዳድረን ሰው ነው። ደመወዝ ባይኖር ኦሊምፒያ ላይ ክፍል ተከራይቼ ለመሥራት አልችልም ነበር። እኔ ባልኖር ደግሞ ያ ደብዳቤ ከነአማርኛው መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ቅርጫት ውስጥ ይገባ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? የባለጸጋ ልጆች ብቻ የሚቀመጡበት ቢሮ የድኻውን ቋንቋ የሚያነብ አያገኝም። እዚህ ላይ አንድ ሰው «አንተ ደመወዝ እየተከፈለህ አይደል የበደልከው?» ቢለኝ እውነት አለው። ደመወዝ ትጋትን አይገዛም፤ ግን ለድኻው ልጅ በሩን ይከፍትለታል።

ሦስተኛው አስተያየቴ ስለ እኛው ስለ ጸሐፊዎቹ ነው። ሰላምታና ምርቃት የአባቶቻችን ጨዋነት ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ደብዳቤውን የሚከፍተው የደከመው ተለማማጅ ስለ ሆነ፥ ጥያቄው ከምርቃቱ ግርጌ እንዳይቀበር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ በመጀመሪያው መስመር ማን እንደ ሆንክና የት እንደምትኖር ጻፍ፤ በሁለተኛው የምትለምነውን ነገር ከነቍጥሩና ከነቀኑ ጻፍ፤ ከዚያ የደረሰብህን ነገር በአንተው ቃል አጭር አድርገህ ተናገር፤ ምርቃቱን በመጨረሻ አድርገው። ከሌላ ሰው ተገልብጦ የመጣ መቶ ደብዳቤ በሠንጠረዥ ላይ መቶ ምልክት ይሆናል፤ ከራስ የወጣ አንድ ደብዳቤ ግን በእንደራሴው ማኅደር ይገባል። በትምህርት ቤታችን የደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርት ስንማር ብዙዎቻችን እንሰለች እንደ ነበረ ትዝ ይለኛል። አሁን ሳስበው ከተማርኩት ሁሉ ለሕዝብ የሚጠቅመው ያ ነበር።

«ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው ባለ ገንዘቡ ነው» የሚሉ አሉ። እኔም ይህን ክርክር አልንቀውም። በምክር ቤቱ መተላለፊያ ላይ ለታላላቅ ኩባንያዎችና ማኅበሮች የሚሟገቱ፥ ለዚሁ ሥራ ደመወዝ የሚቀበሉ አግባቢዎች ከጧት እስከ ማታ ቆመው አይቻለሁ። ነገር ግን እስቲ እንጠይቅ፦ እነዚህ ብልህ ሰዎች መናገር ከንቱ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ይመጡ ነበርን? የእነሱ መምጣት ራሱ መናገር እንደሚጠቅም ምስክር ነው። ባለ ገንዘቡ እየተናገረ ድኻው ዝም ካለ፥ ጥፋቱ የድኻው ባይሆን እንኳ ጕዳቱ የድኻው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዚያው ምክር ቤት፥ እንደ አባቴ በስልክ እየተጠሩ ተሳፋሪ ለሚያመላልሱ አሽከርካሪዎች የክፍያ ወለልና የሕመም ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ወጥቷል። ይህም የሆነው ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ አሽከርካሪዎች ተባብረው ስለ ተናገሩ ጭምር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

ወደ አገራችን ስንመጣ፥ አቤት ማለት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ከሩቅ አገር በእግራቸው ተጕዘው ከዙፋን ችሎት ፊት አቤት ይሉ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ30ኛው አንቀጽ አቤቱታ የማቅረብን መብት ጽፎልናል፤ በ50ኛው አንቀጽ ደግሞ የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል መሆኑን ይናገራል። መብቱ ተጽፏል፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የየክልሉ ምክር ቤትና የከተማችን ምክር ቤት፥ ጉባኤ በሚቀመጡበት ጊዜ፥ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ተማሪዎችን ለአንድ ሳምንት በመልእክተኛነት ቢቀበሉ እጅግ ይጠቅማል። ወጪው የምሳና የመጓጓዣ ነው። ተማሪው ግን ሕግ ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ተከራክረው የሚጽፉት መሆኑን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። ለወላጆቹም፥ ለጎረቤቶቹም መንገዱን ያሳያቸዋል።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለእማማ ደውዬ ስለ ደብዳቤያቸው ልጽፍ እንደ ፈለግሁ፥ ስማቸውን ግን እንደማልገልጽ ነግሬ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። «ጻፈው፤ ነገር ግን እኔ ደብዳቤ የጻፍኩት አንተን ለማሳጣት አይደለም በል» አሉኝ። እንግዲህ ቃላቸውን አድርሻለሁ። ለእናንተ ግን የምለው አንድ ነው፦ አባቶቻችን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብለዋል። እኔም ከጥፋቴ የተማርኩትን ልጨምርበት፤ ካለመስማትም የብዙ ሰው መብት ይቀራል። ተናገሩ፥ በጊዜው ተናገሩ፤ ለመስማት በተቀመጣችሁ ጊዜም መሳቢያችሁን ዛሬ ክፈቱት።